የወላጅን ቦታ የያዙ ልጆች፦ የሚጎዳቸው ሥራው ነው ወይስ ብቻቸውን መሸከማቸው?

በብዙ ቤተሰብ ውስጥ "ከዕድሜዋ በላይ ታስባለች"፣ "እሱ እኮ ገና በልጅነቱ ሽማግሌ ነው"፣ "ታናናሾቿን ያሳደገቻቸው እሷ ናት" የሚባልለት ልጅ አይጠፋም። ንግግሩ ምስጋና ነው፤ የሚናገሩትም ሰዎች ከልባቸው ነው። ይሁንና ምስጋናው ከተነገረ በኋላ ወሬው ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል እንጂ፣ ልጁ ይህን ያህል ማሰብ ለምን እንዳስፈለገው፣ ዛሬ እሱ የሚጨነቅላቸውን ሰዎች ትናንት ማን ይጨነቅላቸው እንደነበረ፣ ለእሱ ለራሱስ የሚጨነቅለት ማን እንደሆነ አይጠየቅም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጉዳዩን ለይተው መመርመር ከጀመሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም፣ በየቤቱ ግን አሁንም በአብዛኛው የሚታወቀው በምስጋና መልኩ ብቻ ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልጅ ቤት ውስጥ መሥራቱ፣ ታናሹን መጠበቁ፣ የታመመ ወላጁን መርዳቱ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም በልኩ ከሆነ ለልጁ እንደሚጠቅም የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ "ልጅ አይሥራ" የሚለው መልስ ዋናውን ጥያቄ አይነካውም። ጎጂውን ከማይጎዳው የሚለየው፣ በእኔ እምነት፣ የሸክሙ ክብደት ብቻ ሳይሆን ከልጁ በላይ ሆኖ ሸክሙን የሚያይ፣ ልክ የሚያበጅለትና ሲከብደው የሚረከበው አዋቂ መኖሩና አለመኖሩ ነው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናቷ "እስክመለስ ወንድምሽን ጠብቂ" ብላት ስትወጣ የተሰጣት ሥራ ነው። የዚያው ዕድሜ ልጅ ማንም ምንም ሳይላት "እኔ ካልጠበቅሁት ማንም አይጠብቀውም" ብላ ስትደመድም ግን የያዘችው የወላጅነትን ቦታ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ሕፃን አቅፈው የተቀመጡ ልጆች ናቸው።

ይህን ልዩነት በቤተሰብ ሕክምና ውስጥ ቀድመው በግልጽ ካስቀመጡት አንዱ ሳልቫዶር ሚኑቺን ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በኒውዮርክ ድሃ ቤተሰቦች ላይ ያደረጉትን ሥራ ሲያሳትሙ፣ የወላጅነት ሥልጣን ስለተላለፈለት ልጅ ጽፈዋል። ሚኑቺን ይህን አኗኗር በራሱ እንደ ሕመም አልቆጠሩትም። ልጆች በበዙበት ወይም አንድ ወላጅ ብቻውን ሠርቶ በሚያሳድርበት ቤት ታላቁ ልጅ ለታናናሾቹ እንደ ወላጅ መሆኑ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ሥልጣኑ በግልጽ ከተሰጠው፣ ኃላፊነቱም ከአቅሙ ጋር ከተመጣጠነ ቤቱም ይቆማል፣ ልጁም ይጎብዛል። ነገሩ የሚበላሸው ኃላፊነቱ ተጥሎበት ሥልጣኑ ሲነፈገው፣ ወይም ወላጆቹ ጭራሽ ቦታቸውን ለቀው ልጁ የቤቱ መሪ፣ ቀጪና መካሪ ሆኖ ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ሁኔታ በተለይ ጨካኝ ነው፤ ታናሹ ቢወድቅ የምትጠየቀው ታላቂቱ ናት፣ ታናሹን "ተው" ብላ ብትቆጣው ደግሞ "አንቺ ማን ነሽና!" ትባላለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዎቹ ኢቫን ቦሶርሜኒ-ናጅና ጀራልዲን ስፓርክ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ተመለከቱት። በእነሱ አመለካከት በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ ማንም ያልጻፈው የውለታ መዝገብ አለ፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ፣ ማን ምን እንደሚገባው ተመዝግቦ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ልጅ ለወላጁ መስጠቱ ጤናማ ነው፣ የመስጠት ዕድል የተነፈገ ልጅም ይጎዳል። ነገር ግን የሚሰጠው ከሚቀበለው ሲበልጥና የሰጠውም ዕውቅና ሲያጣ ሒሳቡ አይዘጋም። ልጁ አድጎ የቀረበትን ከትዳር ጓደኛው ወይም ከገዛ ልጁ ይጠብቃል፤ እነሱ ደግሞ ያልተበደሩትን እንዲከፍሉ እየተጠየቁ መሆናቸውን እንኳ አያውቁም። ልጇ ሁልጊዜ እንዲያባብላትና እንዲያጽናናት የምትጠብቅ እናት ብዙ ጊዜ የራሷን እናት በማባበል ልጅነቷን የጨረሰች ሴት መሆኗ በቤተሰብ አማካሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ አመለካከት እኔን የሚያሳምነኝ ወላጅን ወንጃይ ሳይሆን መርማሪ ስለሆነ ነው፤ በልጁ ላይ የተደገፈው ወላጅም አንድ ጊዜ ድጋፍ ያጣ ልጅ እንደነበረ ያሳያልና።

የሚታየው ሥራና የማይታየው

የሥነ ልቦና ባለሙያው ግሪጎሪ ጀርኮቪክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ሰፊ ሥራ የልጆቹን ሸክም በሁለት ከፍለው አይተውታል። አንደኛው በእጅ የሚሠራው ነው፦ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ታናናሾችን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ገላውን ማጠብ፣ የቤት ኪራይና የመብራት ሒሳብ መክፈል፣ ሠርቶ ገንዘብ ማምጣት። ሁለተኛው የስሜት ሸክም ነው፦ የእናትን ኀዘን ማድመጥ፣ የአባትን ቁጣ ማብረድ፣ በተጣሉ ወላጆች መካከል መልእክት ማመላለስና ማስታረቅ፣ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ እሱ እንዳልተጨነቀ መምሰል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ቢሆንም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ሁለተኛው ነው። ልብስ ማጠብ ያልቃል። የወላጅ ኀዘን ግን የሚያልቅበት ሰዓት የለውም፤ ልጁም መጨረሱን የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ማታ የቤት ሥራውን ለመሥራት ተቀምጧል እንበል። ደብተሩ ተከፍቷል፣ እርሳሱም እጁ ላይ ነው፤ ጆሮው ግን በሩ ላይ ነው። አባቱ ቁልፉን በአንድ ጊዜ አስገብቶ ከከፈተ ማታው ደኅና ነው። ቁልፉ በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲቧጭር ከሰማ ግን ጠጥቶ እንደመጣ ያውቃል። ያን ጊዜ ደብተሩን ያጥፋል፣ ታናሽ እህቱን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባታል፣ ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርጋል፣ እናቱንም ስለ ኪራዩ ነገር ዛሬ እንዳታነሣ በዓይኑ ይለምናታል። ከዚያ አባቱን ፈገግ ብሎ ይቀበለዋል፤ ጫማውን ያወልቅለታል፤ የሚወደውን የእግር ኳስ ወሬ ያነሣለታል። ሌሊቱ ያለ ጠብ ካለፈ ቤተሰቡ በሰላም አደርን ይላል፣ ሰላሙን ማን እንዳመጣው ግን የሚያስተውል የለም። ይህ ልጅ አንድ ሳህን እንኳ አላጠበም። የቤት ውስጥ ሥራው በሰዓት ቢለካ ባዶ ነው። በማግሥቱ መምህሩ "ለምን የቤት ሥራህን አልሠራህም?" ሲለው ደግሞ የሚመልሰው አያጣም እንጂ እውነቱን የሚናገርበት ቃል የለውም፤ ረሳሁት ይላል።

ከዚህ ያነሰ የማይመስለኝ፣ ግን በጣም ለስላሳ ስለሆነ የማይታወቀው፣ የምስጢር ተካፋይነት ነው። ባሏ የተለያት ወይም በትዳሯ የተከፋች እናት ሴት ልጇን አስቀምጣ ስለ አባቷ ክህደት ትነግራታለች፤ ብቻውን የቀረ አባት ልጁን እንደ እኩያ ጓደኛው ስለ ዕዳው ያማክረዋል። ልጅ በመመረጡ ይኮራል፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እንደታመነም ይሰማዋል። ነገር ግን የሰማውን የሚያካፍለው ሰው የለውም፤ የሚወደው አባቱ ላይ እንዲፈርድ ተጠርቷል፤ መፍትሔ ለማምጣትም አቅም የለውም። ለአዋቂ ጓደኛ ቢነገር ቀለል ሊል የሚችል ነገር በልጅ ልብ ውስጥ ሲገባ ሥጋት ሆኖ ይቀመጣል። ወላጅ ለልጁ "ዛሬ ከፍቶኛል፤ በአንተ ምክንያት ግን አይደለም፤ የማወራው ሰው አለኝ" ማለቱ እውነትን መናገር ነው። "ካለ አንተ ማን አለኝ?" ማለቱ ግን ልጁን ከቦታው ማንሣት ነው።

ወደዚህ የሚያደርሱ መንገዶች

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት አይደለም። የረጅም ጊዜ ሕመም፣ የአካል ጉዳት፣ የአእምሮ ሕመም፣ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ሞት፣ ፍቺ፣ ስደት፣ ቀንና ሌሊት ሠርቶ የማይሞላ ኑሮ ወላጁን ከቦታው ያነሡታል፤ ክፍት ቦታ ደግሞ ክፍት ሆኖ አይቆይም። በተለይ ሞት በመጣበት ቤት ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊፈጸም ይችላል። አባቱን የቀበረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው "አይዞህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፤ እናትህን አደራ" የሚሉ ሰዎች ሊያበረታቱት ነው። ልጁ ግን ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል። የማያለቅሰው እናቱ እንዳታለቅስ ነው፤ ሐዘኑን ያስቀመጠበት ቦታም ለዓመታት ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ልጅ መባል ያለበት "አንተ ልጅ ነህ፣ እናትህን የምናግዘው እኛ ነን" ነው፤ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማገዝ ነው።

ሸክሙ ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ በአመዛኙ በሴት ልጆች፣ ከእነሱም በታላቂቱ ላይ ይወድቃል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘገባ ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች በዓለም ዙሪያ ከእኩዮቻቸው ወንዶች 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ ያለ ክፍያ በሚሠራ የቤት ሥራ፣ ውኃ በመቅዳትና እንጨት በመልቀም እንደሚያሳልፉ አስታውቋል፤ ይህ ሲደመር በቀን 160 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዓት ይሆናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት በዚያው የዕድሜ ክልል ያሉ 54 ሚሊዮን ልጆች በሳምንት 21 ሰዓትና ከዚያ በላይ የቤት ውስጥ ሥራ ይሠራሉ። 21 ሰዓት እንዲሁ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ ከዚህ ካለፈ ሥራው ትምህርትን መጉዳት እንደሚጀምር ስለታየ የተቀመጠ ወሰን ነው። ያ ቁልፍ ሲቧጭር የሚያዳምጠው ልጅ ግን ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱም ውስጥ የለም።

የስደተኛ ልጆች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ወላጆች የአዲሱን አገር ቋንቋ ሳይለምዱ ልጆቹ በትምህርት ቤት በወራት ውስጥ ስለሚለምዱት፣ ከባንክ፣ ከቤት አከራይ፣ ከፍርድ ቤትና ከሐኪም ጋር ለሚደረግ ንግግር አስተርጓሚዎች ይሆናሉ። ብዙዎቹ በዚህ ይኮራሉ፤ ቋንቋቸውም ይዳብራል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ያላቸው ቅርበት የሚጠነክርም አሉ። ነገር ግን ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ሲናገር በእናቱና በሐኪሙ መካከል የተቀመጠውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናስብ። ሕመሙ ምን እንደሆነ ከእናቱ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። እናቱ ዓይን ዓይኑን እያየች "ምን አለ?" ትላለች። በዚያች ቅጽበት እውነቱን እንዳለ ልንገራት፣ ላለዝበው ወይስ ልደብቀው የሚለውን የሚወስነው ልጁ ነው፤ ቢሳሳት ደግሞ የሚሳሳተው በእናቱ ሕይወት ላይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ገንዘብ የሚሰጣቸው የጤና ተቋማት ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር ከታካሚው ጋር የመጣን ልጅ በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ የከለከለው እንዲህ ያለውን ነገር በማየት ነው።

የእነዚህን ልጆች ብዛት ማወቅ የሚያዳግትበት ምክንያት ራሱ ስለ ችግሩ ይናገራል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ5 እስከ 17 ዓመት ባለው ክልል የቤተሰብ አባል የሚያስታምሙ ወይም የሚንከባከቡ 166 ሺህ ያህል ልጆች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቢቢሲ ጋር ሆነው ራሳቸውን ተማሪዎቹን ሲጠይቁ ግን፣ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል በቤቱ እንዲህ ያለ ኃላፊነት እንዳለበት ታየ። የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ የሚሞላው የቤቱ አዋቂ ነው። አዋቂው ደግሞ ልጁ የሚያደርገውን እንደ እንክብካቤ አይቆጥረውም፣ ወይም መቁጠር ያሳፍረዋል፣ ወይም ከቆጠረው የሚመጣውን ይፈራል።

ጥናቶቹ የሚያሳዩት

በልጅነቱ የወላጅ ቦታ የያዘ ሰው ሁሉ ሲያድግ ይታመማል ማለት ስሕተት ነው። ሊሳ ሁፐርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 በጉዳዩ ላይ ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በልጅነት የተሸከሙት ኃላፊነትና በአዋቂነት የሚታይ የአእምሮ ጤና ችግር ግንኙነት እንዳላቸው አረጋግጠዋል። ግንኙነቱ ግን ትንሽ ነው፤ በአማካይ 0.14 ነው፤ በዚህ መለኪያ ዜሮ ምንም ግንኙነት የለም ማለት ሲሆን አንድ ደግሞ ፍጹም ግንኙነት ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል፦ አደጋው አለ፤ ብዙዎቹ ግን ሳይሰበሩ ያልፋሉ። ስለዚህ ጠቃሚው ጥያቄ የሚሰበሩትንና የማይሰበሩትን ምን ለያቸው የሚለው ነው።

በሃዋይ የካዋይ ደሴት ኤሚ ቨርነር ያካሄደችው ረጅም ጥናት እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1955 በደሴቲቱ የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትላ፣ በድህነት፣ በወላጅ ሕመምና በቤተሰብ ጠብ ውስጥ ካደጉት ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቁ፣ የተረጋጉና ለሰው የሚያስቡ አዋቂዎች መሆናቸውን አየች። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ በቤታቸው ውስጥ የሚፈለግባቸው ሥራ ነበራቸው፤ ታናናሾቻቸውን ይጠብቁ ወይም ቤቱን ያግዙ ነበር። ኃላፊነቱ "እኔ የምጠቅም ሰው ነኝ" የሚል እምነት ሰጥቷቸዋል። ነገር ግን ከዚያው ጥናት ጎን ለጎን መነበብ ያለበት ሌላም ግኝት አለ፦ እነዚሁ ልጆች ወላጅም ባይሆን አያት፣ አክስት፣ መምህር ወይም ጎረቤት የሆነ፣ የሚያዩትና የሚያያቸው ቢያንስ አንድ አዋቂ ነበራቸው። የመጀመሪያውን ግኝት ብቻ አንሥቶ "ሸክም ያጠነክራል" የሚል ሰው ከጥናቱ ግማሹን ጥሎ ነው የሚሄደው።

የአንድሩ ፉሊኚና የባልደረቦቻቸው ጥናት ደግሞ ነገሩን እስከ ደም ድረስ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ ቤተሰባቸውን በየቀኑ አብዝተው የሚረዱ ወጣቶች በደማቸው ውስጥ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶች ከፍ ብለው ተገኝተዋል። ሆኖም በሚሰጡት እርዳታ ጥሩ ልጅ፣ ጥሩ ወንድም ወይም እህት የመሆን እርካታ ያገኙት ዘንድ ከእነዚህ ምልክቶች በአንዱ ላይ ጫናው ቀንሶ ታይቷል። ሥራው ያው ሥራ ነው። ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ መታየቱ ነው፤ ትርጉም ደግሞ ለልጅ በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ ሰው ዓይን ነው። በተመሳሳይ መንገድ የቤተሰብ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት አንድ መለያ ፍትሐዊነት ነው፤ ልጁ የሚሠራው እንደሚታይለት፣ ለወንድሞቹም እንደሚደርሳቸው፣ እሱም ሲያስፈልገው እንደሚቀበል ካመነ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ተበድያለሁ ብሎ በልቡ ከያዘ ግን ቀላሉም ሥራ ይመርረዋል።

ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች አዋቂ ሲሆኑ የሚናገሩት እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ለሌላው ምን እንደሚያስፈልገው ከፊቱ ያነቡታል፤ "አንተስ ምን ትፈልጋለህ?" ሲባሉ ግን ይቸገራሉ። እረፍት ያስጨንቃቸዋል፣ ሲቀመጡ የረሱት ሥራ ያለ ይመስላቸዋል። እርዳታ መጠየቅ እንደ ሽንፈት ይሆንባቸዋል። ችግር ያለበትን ሰው መርጠው ይወዳሉ፤ የሚያስታምሙት ከሌለ ለምን እንደሚወደዱ አይገባቸውም። በሥራ ቦታ የተመሰገኑ ናቸው፤ የሁሉንም ክፍተት ይሞላሉና። ለወላጃቸው የሚሰማቸው ፍቅርና ንዴት የተደባለቀ ስለሆነ፣ በተናደዱ ቁጥር በደለኛነት ይሰማቸዋል። በወንድማማቾች መካከልም ቁስሉ ይቀራል፤ ታናናሾቹ የቀጣቻቸውን እህት ያስታውሳሉ እንጂ ስትቀጣቸው አሥራ ሦስት ዓመቷ እንደነበረ ቆጥረው አያውቁም፤ እሷም ያሳደገቻቸው ልጆች እንደ እኩያ ሲናገሯት ትከፋለች።

ሕግ የት ላይ ቆሟል?

አንዳንድ ሰው የልጆች መብትን ማንሣት ልጅ ለቤተሰቡ ያለበትን ግዴታ መካድ ይመስለዋል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ይህን ሥጋት የሚያቀልል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀውና በ1999 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሰነድ በአንቀጽ 31 ልጅ ለቤተሰቡ አንድነት እንዲሠራ፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን እንዲያከብር፣ ሲቸገሩም እንዲረዳቸው ግዴታ ይጥልበታል፤ ግዴታውን ግን "እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው" በሚል ይገድበዋል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የልጁን የማረፍና የመጫወት መብት ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 31 ተመሳሳይ መብት ይሰጣል፣ በአንቀጽ 18 ደግሞ ልጅን የማሳደግ ተቀዳሚ ኃላፊነት የወላጆች መሆኑን ይደነግጋል።

ይህን ወደ ተግባር ለመለወጥ ከሞከሩት ሁለት ሕጎች ልጥቀስ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሕፃናትና የቤተሰቦች ሕግ፣ የአካባቢ አስተዳደሮች ቤተሰቡን የሚያስታምም ልጅ ምን ድጋፍ እንደሚያስፈልገው እንዲያጣሩ ያስገድዳል፤ ሲያጣሩም ልጁ ያንን እንክብካቤ መስጠቱ ራሱ ተገቢ ነው ወይ ብለው መጠየቅ አለባቸው። የደቡብ አፍሪካ የሕፃናት ሕግ (ቁጥር 38 እ.ኤ.አ. 2005) ደግሞ በአንቀጽ 137 ወላጆቻቸው የሞቱባቸው፣ በጠና የታመሙባቸው ወይም ጥለዋቸው የሄዱ ልጆች በልጅ የሚመራ ቤተሰብ ሆነው እንዲታወቁ ይፈቅዳል። የሚመራው ልጅ 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ቤተሰቡም በተሰየመ አዋቂ ቁጥጥር ሥር ይሆናል። በሕጉ ውስጥ ብልህ ሆኖ ያገኘሁት አዋቂው ልጁን ሳያማክር ስለ ቤቱ መወሰን እንደማይችል፣ የዕለት ተዕለቱን ውሳኔም ልጁ እንደሚወስን መደንገጉ ነው። ልጁ ቀድሞውኑ የያዘውን ቦታ በጉልበት አይነጥቀውም፤ ብቻውን ግን አይተወውም።

ቦታውን ስለመመለስ

መምህር፣ ነርስ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሊያደርግ የሚችለው የመጀመሪያ ነገር አጠያየቅን መለወጥ ነው። "እናትህ እንዴት ናት?" ተብሎ መቶ ጊዜ የተጠየቀ ልጅ "አንተስ? ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ስትታመም ማን ያስታምምሃል?" የሚለውን አንድ ጊዜም ላይጠየቅ ይችላል። የሚያዘወትረው መዘግየት፣ በክፍል ውስጥ እንቅልፍ፣ ከትምህርት በኋላ ለጨዋታ አለመቆየት፣ ስልክን ደጋግሞ ማየት የስንፍና ምልክቶች ተደርገው ከመቆጠራቸው በፊት ይጣሩ። ልጁ ግን በቀላሉ አይናገርም፤ ከተናገረ ቤተሰቡ እንደሚበተን፣ እሱና ታናናሾቹም ከእናታቸው እንደሚነጠሉ ይፈራል። ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው ወላጁን የሚነቅፍ ቃል ባወጣ ቁጥር ልጁ ይዘጋል። ወላጁን የሚያግዝ ነገር ይዞ ከመጣ ግን፣ ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ቀን እናቱን የሚያስታምም አዋቂ ከተገኘ፣ ልጁ የሚለቀው ነገር ያገኛል።

ወላጅ ሁሉ ሸክሙን መልሶ መውሰድ አይችልም። በጠና የታመመች እናት ከአልጋዋ ሆና መነሣት ባትችልም እናትነቷን ግን ልትይዝ ትችላለች፦ ልጇ ያደረገላትን በስም ጠርታ ማመስገን፣ "ዛሬ ይበቃል፣ ሂድ ተጫወት" ማለት፣ ስለ ሕመሟ ማወቅ የሚገባውን በዕድሜው ልክ መንገር፣ ስለ ነገ የሚያስጨንቀውን ደግሞ ከሌላ አዋቂ ጋር መምከር። ሥራው በልጁ እጅ ቢቀርም ውሳኔው በእሷ እጅ ከሆነ ልጁ አሁንም እናት አለው።

ወላጁ ሲድን፣ መጠጥ ሲያቆም ወይም ከስደት ሲመለስ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ያልጠበቀው ጠብ ይነሣል። ሁሉም ልጁ እፎይ እንደሚል ሲያስብ፣ ልጁ ይቆጣል። ለዓመታት የቤቱን ገንዘብ ሲያብቃቃ የኖረ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አባቱ ድንገት ተነሥቶ "በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤት ግባ" ቢለው የሚሰማው ስድብ ነው፤ ደግሞም አባቱ ዳግም ላለመውደቁ ማረጋገጫ የለውም። ኃላፊነት የሚመለሰው እንግዲህ በአንድ ቀን ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በግልጽ ተነግሮና የልጁ ድካም ዕውቅና አግኝቶ ነው፤ ልጁ ወድዶ የያዘው ሥራ ካለ፣ ገበያ መሄድም ይሁን ታናሹን ማስጠናት፣ እንደያዘው ቢቀጥል ጥሩ ነው። በመካከሉ ልጁ መፈተኑ አይቀርም፦ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የታናሽ እህቱን የትምህርት ቤት ልብስ ማዘጋጀቱን፣ ሳይናገር ይተወዋል፤ የሚያስተውል ሰው መኖሩን ሊያይ ነው። ያን ቀን ወላጁ ልጁን "ለምን ረሳህ?" ብሎ ከመውቀስ ይልቅ ልብሱን ራሱ አጥቦ ቢያሰጣው፣ በማግሥቱም ሳይጠየቅ ቢደግመው፣ ልጁ የሚፈልገውን መልስ ከማንኛውም ቃል ኪዳን ይልቅ በዚያ ያገኘዋል።